«አንድ ትልቅ ካርድ ይበቃል» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ይዞራል። መጀመሪያ ጓደኛዬ ላከልኝ። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርሰኝ «ለጎንደር ጥምቀት እንዲህ ላድርግ ወይ?» የሚል ጥያቄ አስከትሎ መጣ። ዝም ማለት እንደማያዋጣ የገባኝ ያኔ ነው።

ጽሑፉ የሚመክረው ካሜራ ይዘው አገር የሚዞሩ፣ ላፕቶፕ ግን የማይሸከሙ ሰዎችን ነው። ጥሩ ተጽፏል፤ ያስቃልም። እኔም ለመንገድ ላፕቶፕ ካልያዝኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ በዋናው ነገር ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከምክሮቹ ጋር ነው።

የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው። አንደኛ፣ የዛሬ ሚሞሪ ካርድ አይበላሽም፤ 256 ጊጋ የሚይዝ አንድ ካርድ ገዝቶ መገላገል ነው። በፊልም ዘመን የነበሩት ምን መጠባበቂያ ቅጂ ነበራቸው? ሁለተኛ፣ ለሚሰጋ ሰው ካሜራው ራሱ ፎቶውን በዋይፋይ ወደ ስልክ ይልካል፤ ይኸው ቅጂ ተገኘ። ሦስተኛ፣ ስልኩ ደግሞ ማታ ማታ ጉግል ፎቶስ ላይ ይጭነዋል፤ ያ ካልሆነ ለራስ በቴሌግራም መላክ ይቻላል። አራተኛ፣ ካርዱ ከሞላ በየከተማው ኢንተርኔት ቤትና ፎቶ ቤት አለ፤ ፍላሽ ላይ አስገልብጦ ካርዱን ፎርማት ማድረግ ነው። አምስተኛ፣ ስልክና ዲስክ አገናኝቶ መገልበጥ የሚባለው ነገር አይሠራም። ጸሐፊው ሞክሮት ስልኩ ዲስኩን አላየለትም። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ላፕቶፑን ይሸከም ይላል።

ሐሳቡን ያጣመምኩ አይመስለኝም። እንግዲህ በተራ እንሂድ።

ካርድ በራሱ ጊዜ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ነው። ጥሩ ካርድ ገዝቶ በአግባቡ ለያዘ ሰው ዓመታት ያገለግላል። ግን ፎቶ የሚጠፋው ካርድ ሲሞት ብቻ ነው ያለው ማነው? ካርድ ከኪስ ይወድቃል፤ ከቴምብር ብዙም አይበልጥም። ካሜራ ይሰረቃል። ካሜራው ገና እየጻፈ፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች፣ ካርዱን መዞ የሚያወጣ አለ። ፎቶው እየተጻፈ ሳለ ባትሪው ያልቃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚያጠፋው ነው።

ይኼኛውን የማውቀው ከራሴ ነው። ጎንደር፣ የከተራ ዕለት። ታቦታቱን አጅቤ እስከ አፄ ፋሲል መዋኛ በእግሬ ወርጃለሁ። ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ውዬ ማረፊያዬ ስደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ለነገው ባዶ ካርድ ላዘጋጅ ብዬ አልጋ ላይ ጋደም እንዳልኩ ፎርማት አደረግሁ። የትናንቱን ካርድ መስሎኝ ነበር። የዛሬው ነው። ካሜራው «ምንም ፎቶ የለም» ሲለኝ እንቅልፌ በአንዴ በረረ።

ዕድለኛ ነበርኩ። ካርዱን ወዲያው አውጥቼ ሌላ ነገር ሳልቀዳበት አስቀመጥኩት። ካሜራ ፎርማት ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ፎቶዎቹን አይደለም። የመጽሐፍ ማውጫ ቢቀደድ ገጾቹ ባሉበት እንደሚቆዩት ማለት ነው። በላዩ ላይ አዲስ ነገር ከተቀዳበት ግን ገጾቹም ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ስመለስ በሰው ኮምፒውተር፣ ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም፣ ብዙውን ፎቶ አወጣሁት። የፋይሎቹ ስም ጠፍቷል። ጥቂቶቹ ፎቶዎች ከግማሽ በታች ግራጫ ሆነዋል። ግን ከነጭራሹ ከማጣት ይሻላል። ያን ቀን ካርዴ ፍጹም ጤነኛ ነበር። በሽተኛው እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ይኼ የጸሐፊው ማስረጃ መጀመሪያ ሳነበው አሳምኖኝ ነበር። እውነት ነው፣ የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺ መጠባበቂያ አልነበረውም። ግን አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶ ነበር። አምስት ጥቅል ይዞ ወጥቶ አንዱ ቢጠፋበት ወይም ብርሃን ቢገባበት 36 ፎቶ ይከስራል፤ 144ቱ ይተርፉታል። ራው በሚባለው ጥሬ ፋይል የሚያነሳ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በአንድ ፎቶ ወደ 30 ሜጋባይት ይወስዳል እንበል። 256 ጊጋ ካርድ ላይ ከ8,000 በላይ ፎቶ ይገባል። የሁለት ሳምንት ጉዞ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ማለት ነው። የፊልሙ ዘመን የሚያስተምረን ነገር ካለ ፎቶን በብዙ ቦታ መበተንን ነው። ጸሐፊው ማስረጃውን ገልብጦ ይዞታል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ አንድ ትልቅ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ነው። ለጥምቀት ከሄድኩ ለከተራ አንድ፣ ለጥምቀት አንድ፣ ለቃና ዘገሊላ አንድ። ሦስት 64 ጊጋ ካርድ። የሞላውን አውጥቼ በሸሚዜ የውስጥ ኪስ፣ ባዶውን ካሜራው ውስጥ። በጊጋ ሲታሰብ ትልቁ ካርድ ይረክሳል፤ ይኼንን አምናለሁ። ልዩነቱ ግን የጎንደርን የአውሮፕላን ቲኬት ያህል አይሆንም።

ካሜራቸው ሁለት ካርድ የሚይዝላቸው አንባቢዎች «እኛስ?» ማለታቸው አይቀርም። እሰየው ነው። ሁለቱም ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርጉት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ካሜራው ሲሰረቅ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ የምለው ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው። ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ካደረ ገና ቅጂ አልሆነም። አንድ የማውቀው ልጅ ፎቶዎቹን በየማታው ዲስክ ላይ ይገለብጥ ነበር፤ ጠንቃቃ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ቦርሳውን ለአፍታ አስቀመጠ። ካሜራውም፣ ካርዱም፣ ዲስኩም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበሩ።

ዋይፋዩን ባጭሩ ልለፈው። ካሜራው ወደ ስልክ ይልካል፣ እውነት ነው። ምን እንደሚልክ ግን ጸሐፊው አልጠየቀም። ስናፕብሪጅ የሚባለው የኒከን መተግበሪያ ለምሳሌ እያነሳችሁ በራሱ እንዲልክ ስታዙት የሚልከው ወደ 2 ሜጋፒክስል የተቀነሰ ፎቶ ነው። 24 አንስታችሁ 2 ተቀበላችሁ። ለፌስቡክ ይበቃል። ቢታተም ከአልበም ፎቶ ብዙም አያልፍም። ሙሉውን መርጦ መላክም ይቻላል፤ ግን አዝጋሚ ነው፣ የካሜራውን ባትሪም ይጨርሳል። ራው ፋይል ጭራሽ የማይልኩ ካሜራዎችም ብዙ ናቸው። ለእናት የሚላኩትን አምስት ፎቶዎች በዋይፋይ ላኩ። 600 ፎቶ በዋይፋይ ልገልብጥ ያለ ሰው ግን ሌሊቱን ካሜራና ስልክ ሲጠብቅ ያድራል።

ወደ ኢንተርኔቱ ስንመጣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከጥምቀት ሦስት ቀን 40 ጊጋባይት ይዛችሁ ተመለሳችሁ እንበል። ማረፊያችሁ ያለው መስመር በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይጭናል እንበል፤ ከተማው ሁሉ እንግዳ በሞላበት ሰሞን ይኼ መጥፎ አይደለም። 40 ጊጋውን ለመጫን ወደ 18 ሰዓት ይፈልጋል። ያውም ሳይቆራረጥ፣ መብራት ሳይጠፋ። የዳታው ሒሳብ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ መጫን ያቆመው እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ 1 ቀን 2021 ነው። አሁን በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው፤ እሱም ከኢሜላችሁና ከጉግል ድራይቩ ጋር በጋራ። የአፕሉ አይክላውድ ደግሞ 5 ጊጋ ብቻ ነው።

ከቦታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ጉግል ፎቶስ ላይ የተጫነውን እንደ ካዝና ያየዋል። ስልኩ ይሞላበታል። ከዚያ እዚያው ጉግል ፎቶስ ውስጥ ገብቶ «ክላውድ ላይ አለ» ብሎ ፎቶዎቹን ያጠፋል። ከስልኩ ብቻ ያጠፋ ይመስለዋል። ግን መተግበሪያው ሁለቱን እኩል ስለሚያስኬድ ከክላውዱም ያጠፋዋል። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ ማንም ግን ሄዶ አያየውም። ቦታ ማስለቀቅ ለሚፈልግ ሰው ለዚሁ የተሠራ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ እሱ ከስልክ ብቻ ነው የሚያነሳው።

ቴሌግራሙ ላይ ለጸሐፊው ግማሹን ልስጠው። ለራስ መላክ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። የቀኑን ምርጥ አሥር ፎቶ ከማረፊያዬ እልካለሁ፤ እነሱ ሌላ ቦታ አሉ ማለት ነው። ጽሑፉ ያልነገራችሁ ነገር ቢኖር፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል አያይዛችሁ ስትልኩት ነው ዋናው እንዳለ የሚቀመጠው። ልዩነቱ ስልክ ላይ አይታይም፤ ለማሳተም ስትወስዱት ይታያል።

ፎቶን ወደ ሩቅ ቦታ ለመላክ ደግሞ ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ጽሑፉ ይኼን አለማንሳቱ ገርሞኛል፤ ምክንያቱም ከኛ የበለጠ በዚህ የሚያምን ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሰው እጅ መላክ! ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ዘመድ አይጠፋም። ቅቤና በርበሬ የሚያደርስ ሰው አንዲት ካርድ በፖስታ ታሽጋ ቢሰጡት ምን ይከብደዋል? እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንዱ ቅጂ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ ጠበቀኝ። 40 ጊጋ በአንድ ቀን፣ ያለ ዳታ።

አራተኛው ምክር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነውና። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችሁ። ያ ኮምፒውተር በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚጎርስ አስቡት። ፍላሻችሁ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሾርትከት ተለውጠው አይታችሁ አታውቁም? በኛ አገር ይኼን ያላየ ተማሪ አለ ብዬ አላምንም። ቫይረሱ ዋናዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በቦታቸው የራሱን ሾርትከት ይተካል። ፎቶዎቹ ብዙ ጊዜ አይጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ «ጠፋ» ብሎ ደንግጦ ፎርማት ሲያደርገው ነው።

እዚያ መሄድ ግድ ከሆነ አንድ ትንሽ ነገር ታድናችኋለች። በኤስዲ ካርድ ጎን ላይ የምትንሸራተት ቁልፍ አለች። ወደ ታች ሳቧት። ካርዱ ይቆለፋል፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። አብዛኛው ካርድ ማንበቢያ ይኼን ያከብራል። ስለዚህ ቫይረሱ ካርዱ ላይ እንዳይወጣ፣ የቤቱ ሠራተኛም በስህተት እንዳያጠፋው ያደርጋል። ፍላሹ ግን ያው እንደተጋለጠ ነው። ደግሞ ኮፒ በሉ፤ ካት አትበሉ። ካት እያደረጉ መሃል ላይ መብራት ሄደ ማለት ከሁለቱም ወገን የጎደለ ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ፍላሹስ ከየት ነው የተገዛው? እኔ በአንድ ወቅት 1 ቴራ የሚል ፍላሽ በሁለት ምሳ ዋጋ ገዝቼ ነበር። ከማን እንደገዛሁ አልናገርም፤ ሻጩም የተታለለ ይመስለኛል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ በእርግጥም 1 ቴራ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ገለበጥኩ፤ ይከፈታሉ። ጨመርኩ፤ ስማቸው አለ፣ መጠናቸውም አለ። ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። ውስጡ ያለው ቺፕ ጥቂት ጊጋ ብቻ የሚይዝ ነበር፤ ቁጥሩን እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲሞላ ዝም ብሎ በቀድሞው ላይ ይጽፋል ወይም የትም ይጥለዋል። «ሞላሁ» እንኳ አይልም። የጸሐፊውን ምክር ተከትሎ እንዲህ ያለ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ካርዱን ፎርማት ያደረገ ሰው ከጉዞው የሚተርፈው የፋይል ስም ዝርዝር ነው።

መፈተኑ ቀላል ነው፤ ጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት ግን ይሁን። ፍላሹን ወይም ካርዱን ጢም እስኪል ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት። ይኼን የሚሠራ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተር የሚያውሳችሁ ሰው ካጣችሁ እስኪሞላ ረዣዥም ቪዲዮዎች ገልብጣችሁ የመጀመሪያዎቹንም የመጨረሻዎቹንም ከፍቶ ማየት ይበቃል።

ፎርማቱን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ከነጭራሹ አልስማማም። መንገድ ላይ እያላችሁ ካርድ አታጥፉ። ቦታ ካለቀባችሁ ሌላ ካርድ ግዙ። ግድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቁጥሩን አስተያዩ፤ ካርዱ ላይ 412 ፎቶ ካለ ቅጂውም ላይ 412 ይሁን። ከዚያ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ጥቂቶቹን ከፍታችሁ አሳድጋችሁ እዩ። በጥቃቅኑ ምስል አትመኑ። ትንሹ ምስል ደህና ሆኖ ዋናው የተበላሸበት ጊዜ አለ።

ፎቶ ቤቶቹን ግን ከኢንተርኔት ቤቶች ጋር አንድ ላይ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ብዙዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው ሰርግ የሚያነሱ ናቸው። የካርድን ዋጋ ያውቃሉ። በአንድ ትንሽ ከተማ አንድ ባለ ፎቶ ቤት ካርዴን ከመቀበሉ በፊት «ቆልፈኸዋል?» ብሎ ጠይቆኛል። እንዲህ ያለው ሰው ጋ እኔም ደግሜ እሄዳለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ «አይሠራም» የሚለው ነው። ጸሐፊው ዲስኩን ስልኩ ላይ ሰካ፤ ስልኩ አላየውም፤ ጉዳዩ ተዘጋ። እኔም መጀመሪያ ስሞክረው አልሠራልኝም ነበር። ግን ለምን እንዳልሠራ ፈለግሁ። ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው።

የመጀመሪያው የዲስኩ አቀራረጽ፣ ማለትም ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ነው። ለዊንዶውስ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ዲስኮች ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የተቀረጹ ናቸው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ይኼን አያነቡም፤ አይፎንም አይጽፍበትም። ዲስኩን ከጉዞ በፊት፣ ባዶ እያለ፣ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ማድረግ ነው፤ አለቀ። ቆየት ያሉና ርካሽ ስልኮች ኤክስፋትንም የማያውቁበት ጊዜ አለ። እነዚህ 64 ጊጋ ካርድንም አያነቡም፤ ከ32 ጊጋ በላይ ያለ ካርድ በኤክስፋት ነው የሚቀረጸውና። ስልካችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ ባለ 32 ጊጋ ካርዶች ተጠቀሙ። ይኸው፣ ትንንሽ ካርድ እዚህም ጠቀመ።

ሁለተኛው ኃይል ነው። ስልክ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ለማንቀሳቀስ አቅም ያንሰዋል። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ብሎ ይቆማል። የቻርጀር ማስገቢያ ያለው ሃብ የሚባል ማከፋፈያ ገዝታችሁ ፓወር ባንክ ስትሰኩበት ችግሩ ይቃለላል። ወይም ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ዲስክ ግዙ፤ እሱ ብዙ ኃይል አይጠይቅም።

ሦስተኛው የሚያስቅ ነው። እንደ ኦፖና ሪልሚ ያሉ አንዳንድ ስልኮች ላይ ኦቲጂ የሚባለውን፣ ስልኩ የተሰካበትን ዲስክ እንዲያይ የሚያደርገውን ቅንብር በእጅ ማብራት ያስፈልጋል። ሥራ ፈትቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ደግሞ ራሱን መልሶ ያጠፋል። ጸሐፊው የያዘው ስልክ ምን እንደሆነ አልጻፈም። ብጠረጥር ይኼን እጠረጥራለሁ።

አይፎን የያዘ ሰው ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ፣ ማለትም እንደ ፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ፣ ፋይልስ በሚለው መተግበሪያ ካርድም ዲስክም መክፈት ይችላል። አይፎን 15 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ዩኤስቢ ሲ ስላላቸው ነገሩ ይበልጥ ቀሏል። ከዚያ በፊት ላሉት አስማሚ ያስፈልጋል።

ዲስክ የሌለው ሰውም አይቸገር። አንድ ካርድ ማንበቢያ (ሪደር) ብቻ ይግዛ። ካርዱን ሪደሩ ላይ፣ ሪደሩን ስልኩ ላይ። ለቀኑ አንድ ፎልደር ከፍቶ «ከተራ» ብሎ ሰይሞ መገልበጥ ነው። 128 ጊጋ ያለው ስልክ የሁለት ሦስት ቀን ፎቶ ይችላል። በተለመደው ዘገምተኛ መስመር እንኳ 32 ጊጋ ለመገልበጥ ወደ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪመጣ ያልቃል። ከዚያ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ያድራል፤ ካርዱ ቦርሳው ውስጥ። ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ቦታ።

«ርካሽ ሃርድ ዲስክስ?» ለምትሉ፣ የት እንደምትሄዱ ይወስነዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ጫፍ ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ነው። አየሩ ሲሳሳ ሽፋኑም ይሳሳል፤ ጫፉ ሳህኑን ሊነካ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ዲስካቸው የሚሠራው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ብቻ ነው ብለው የሚጽፉት። ጎንደርና ላሊበላ ከዚያ በታች ናቸው፤ ችግር የለም። ስሜን ተራሮች ግን ሌላ ነገር ነው። ሳንቃበር ሰፈር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ናቸው። ራስ ዳሸንማ ከ4,500 ያልፋል። ዲስኩን አጥፍታችሁ ብትሸከሙት ግድ የለም። ጨነቅ ላይ ድንኳን ውስጥ ሆኖ የጭላዳ ፎቶ እየገለበጡበት ማደር ግን ቁማር ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይኼ ጉዳይ አይመለከተውም። ቢወድቅም ይችላል።

ደናክል የሚወርድ ደግሞ የሚታገለው ከሙቀት ጋር ነው። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ዳሎል በቀን ይኼን ቁጥር ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስልኩ ይግላል፤ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ መገልበጡም ይቋረጣል። እዚያ ሥራው የሚሠራው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። መብራት ስለሌለም ፓወር ባንኩ ሞልቶ ይምጣ።

ይኼ ሁሉ ከላፕቶፕ ይከብዳል? ሪደሩ፣ አጭር ገመድና ትንሽ ኤስኤስዲ አንድ ላይ የሞባይል ስልክ ያህል እንኳ አይመዝኑም። ሰርግ ቀርጾ የሚከፈለው፣ በየማታው ፎቶ አርሞ ለጋዜጣ የሚልክ ሰው ላፕቶፑን ይያዝ፤ እዚያ ላይ ጸሐፊው ትክክል ነው። ለሌሎቻችን ግን በአንድ ካርድ መተማመንና በላፕቶፕ መጉበጥ መካከል ሰፊ መንገድ አለ።

ጸሐፊው በጽሑፉ መጨረሻ ለገና ላሊበላ እንደሚሄድ ጠቅሷል። እኔም እዚያ ነኝ። ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ ከሚጋፉት መካከል ሪደር በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ካየ እኔ ነኝ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ቡና እጋብዘዋለሁ፤ ካርዱንም በስልኩ እንገለብጣለን። ሪደሩን ይዞት እንዳይሄድ ብቻ። ያለኝ አንድ ነው፤ አዎ፣ የሪደሩ መጠባበቂያ የለኝም።